ዘለበት ከላይ፣ ጅራት ከታች

ከሥራ ያሰናበተኝ አለቃ የለም፤ ዓይኔ ነው ያሰናበተኝ። አንድ ቀን የሰዓት ማሰሪያ የምትይዘውን ባለ ሞላ ዘንግ፣ ከመርፌ እምብዛም የማትወፍረውን፣ ከጭኔ ላይ ጣልኳትና ብፈልግ ብፈልግ አጣኋት። ደንበኛዬ ጎንበስ ብሎ ከእግሬ ሥር አነሳት። «እትዬ ሙሉ፣ እዚሁ ናት እኮ» አለኝ። ያን ዕለት ሳጥኔን ቆልፌ ቤቴ ገባሁ። ካሁን በኋላ ቁጭ ብዬ ላርፍ ነበር ሐሳቤ። ማን አሳርፎኝ!

ሰሞኑን ኦቦ ዲንሳ ከባኮ ድረስ ሰዓታቸውን በኪሳቸው ይዘው ቤቴ መጡ። ልብ በሉ፣ በኪሳቸው ነው ያልኩት። ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ግራ እጃቸው ከታመመ ወዲህም ቢሆን ያለ ሰዓት ከቤት ወጥተው አያውቁም። ከበሩ ላይ ቆመው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ሰዓቷን አወጡ።

«አዴ ሙሉ፣ ልጄ ጫልቱ ለበዓል ልትመጣ ነው። ይቺን ራሴ ማሰር እንዳቃተኝ ካየች ሥራዋን ትታ ትቀራለች። ልጅቷን ታውቂያታለሽ።»

አውቃታለሁ እንጂ! ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ። የማሰሪያው አገጣጠም ተቀይሯል፤ እኔ በገዛ እጄ የገጠምኩት ማሰሪያ ተፈትቶ የላዩ ወደ ታች፣ የታቹ ወደ ላይ ሆኗል።

«ማነው የነካው?»

«አምቦ ለሐኪም ቀጠሮ መጥቼ ባትሪ ላስቀይር ገባሁ። አንድ ልጅ ነው። ደግ ልጅ ነው። ማሰሪያውን በነፃ አስተካከለልኝ፤ እኔም በኪሴ ከትቻት ሄድኩ፤ ያወቅኩት ቤቴ ገብቼ በማግሥቱ ሳስር ነው።»

በነፃ አስተካከለላቸው! ደሜ ፈላ። ለምን እንደፈላ ለመናገር ግን ከሥሩ መጀመር አለብኝ፤ ያለዚያ «ለአንዲት ማሰሪያ ይህን ያህል?» የሚል አይጠፋም። ይህችን ቃል ደግሞ ሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመን ጠግቤያታለሁ።

እኔ ሰዓት ሠሪ አይደለሁም፤ ኋላ እንዳልታማ አስቀድሜ ልናገር። ሰዓት ሠሪው ጋሽ ሸምሱ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ከስልጤ በልጅነታቸው የመጡ፣ አምቦ መናኸሪያ አጠገብ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የመስታወት ሳጥናቸውን ዘርግተው የሚውሉ ሰው ነበሩ። እኔ ባሌ ከሞተ በኋላ እዚያው በረንዳ ጥግ ላይ የቦርሳ ማንገቻና የተቀደደ ቆዳ እሰፋ ነበር። ከተማው ውስጥ ባጃጅ እንዲህ እንደ ዝንብ መብዛት በጀመረበት ሰሞን የጋሽ ሸምሱ ዓይን ደከመና አንድ ሁለት ማሰሪያ እንድሰፋላቸው ሰጡኝ። ስፌቴን በጣታቸው ዳበሱትና «እንግዲህ የሰዓቱ ሆድ የኔ፣ የሚታሰረው ያንቺ» አሉኝ። በዚያው ቀረሁ።

ንግድ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ የቢሮው ሠራተኛ ኮምፒውተሯ ውስጥ ብትፈልግ ብትፈልግ የሰዓት ማሰሪያ የሚባል ዘርፍ አጣችና «ልዩ ልዩ» የሚለው ውስጥ ከተተችኝ። ገቢውም ያው ልዩ ልዩ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ሥጋ ያስገዛል፣ አንዳንድ ቀን ጨው።

ጋሽ ሸምሱ ደንበኛ ሲመጣ ሰዓቱን አይነኩም ነበር። መጀመሪያ የሚይዙት እጁን ነው። ሰላምታ መስሎት ሰውዬው ይሰጣቸዋል፤ እሳቸው ግን አይለቁም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ እየጠየቁ በጣታቸው አጥንቱን ይፈልጋሉ፣ ሥጋውን ጫን ለቀቅ ያደርጋሉ፣ መዳፉን ወደ ሰማይ ወደ ምድር ያገላብጣሉ። ከዚያ «ሥራህ ምንድን ነው? እስቲ ሲሠራ አሳየኝ» ይላሉ። ስንቱ ገበሬ መናኸሪያ መሐል ያለ በሬ አርሷል! ስንቷ ሴት ያለ ላም አልባለች! አላፊ አግዳሚው ይስቃል፤ ጋሽ ሸምሱ የሚያዩት እጁ ሲታጠፍ የቱ ጋ እንደሚያብጥ ነው።

ገጥመው ሲጨርሱም አይለቁትም። «ሂድ ሻይ ጠጣና ተመለስ» ይሉታል። ሲመለስ «ይቆነጥጥሃል?» ብለው አይጠይቁም፤ ፈትተው ቆዳው ላይ የቀረውን ምልክት ያያሉ። አንድ ጊዜ ለምን አንጠይቅም አልኳቸው። «የኛ አገር ሰው ይሉኝታ አለበት። እየቆነጠጠውም ‹ምንም አይል፣ ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ› ብሎሽ ይሄዳል። ወላሂ፣ አፍ ያፍራል፤ ቆዳ አያፍርም» አሉኝ።

ሕጉ ቀላል ነው። ማሰሪያ ሁለት ቁራጭ ነው። አጭሩ፣ ዘለበት ያለበት፣ ከአሥራ ሁለት ቁጥር በላይ ይገጠማል። ረጅሙ፣ ቀዳዳ ያለበት፣ እኛ ጅራት የምንለው፣ ከስድስት ቁጥር በታች። ግራ እጅህን መዳፉን ወደ ላይ አድርገህ ስታስር ጅራቱን ወደ ሆድህ ትስባለህ፤ ሰዓቱም ቦታው ላይ ይቀመጣል። ከተገለበጠ ግን ወደ ውጭ እየገፋህ ነው የምታስረው፤ ሰዓቱ ይንሸራተታል፣ ፊቱ ወደ ጎን ይዞራል፣ ዘለበቱ አጥንትህ ላይ ይወጣል። ብረት ሰንሰለት ከሆነ ደግሞ ሲረዝም ከአንድ ወገን ብቻ እየነቀሉ መጣል የለም፤ መቆለፊያው የእጅህ አንጓ ሆድ ላይ፣ መሐል ለመሐል እንዲያርፍ ከላይም ከታችም እያዩ መቀነስ ነው። በቃ። ይህን ለማወቅ ምን ይጠይቃል?

የስልክ ሱቆቹ ግን! ስልክ፣ የስልክ ልብስ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ከመሐል ደግሞ ሰዓት። ማሰሪያውን እንደመጣላቸው ይሰኩታል። ሰው ገዝቶ ይሄድና ሰዓቱ ሲያሳክከው «እጄ ሰዓት አይወድም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ይህን የሚል ሰው ስንት ጊዜ እጁን ይዤ አይቻለሁ! እጅህ ምን አደረገ? የገጠመልህ ሰው ነው እጅህን ያልወደደው። ከካቺሲ ገበያ እስከ ባኮ በየገበያው ዞሬ ሠርቻለሁ። ካቺሲ ብርድ ነው፣ ጠበቅ ይላል፤ ባኮ ሙቀት ነው፣ እጅ ያብጣል፣ ላብ ቆዳውን ያበሰብሰዋል፣ ላላ ማለት አለበት። ይህን ሳያውቅ ሰዓት የሚሸጥ ሰው ቲማቲም ይሽጥ።

ጋሽ ሸምሱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ የገባኝ በእጃጂው ሥጋ ሻጭ ነው። ሰውዬው ጥሩ የብረት ሰንሰለት ያለው ሰዓት ነበረው፤ በሄደበት ሁሉ ይወድቅበታል። መቆለፊያውን ቀየርኩለት፤ ወደቀ። አጠበቅኩለት፤ ወደቀ። ጋሽ ሸምሱ እጃጂ ድረስ አብረውኝ መጡና ከሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩት ጀመር። ሰውዬው ግራኝ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱን የሚያስረው በቀኙ ነው። እጁ ደም ስለሆነ ሰላም ለሚለው ሁሉ መዳፉን ሰብስቦ ቀኝ አንጓውን ይዘረጋል፤ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ይጨብጣል። መቆለፊያው ወደ ጎን ስለዞረ የጨባጩ አውራ ጣት በቀጥታ እሱ ላይ ያርፋል፤ ትክ! ይከፈታል። መንገደኛው ሁሉ ሰላም እያለ ሰዓቱን ሲፈታበት ኖሯል! ሰንሰለቱን ከሌላኛው ወገን ቀንሰን መቆለፊያውን ወደ መሐል መለስነው። ጋሽ ሸምሱ አንጓውን ጨብጠው ነቀነቁት፤ አልተከፈተም። ከዚያ ወዲህ «እጅህ ሲቆሽሽ የቱን ትዘረጋለህ?» ብለው ሳይጠይቁ ሰዓት ያሰሩለት ሰው የለም።

እንዲህ ያለ ሰው ነው ያስተማረኝ። እንግዲህ ቀጥሎ የምነግራችሁን ስትሰሙ ታዘቡኝ።

ኮሮና መጣ። እጅ መጨባበጥ ቀረ፤ ሰው በክርን ይገፋፋ ጀመር። በድምፅ ማጉያ «አትነካኩ» እያሉ በመንገዱ ያልፋሉ። በረንዳዬ ፊት ገመድ ወጠርኩ። ደንበኛው ወዲያ ማዶ ቆሞ አንጓውን በክር ለክቶ ይወረውርልኛል፤ እኔ በክሩ ልክ እቆርጣለሁ። እንደዚያ ያለ ሥራ አለ? ልብስ ሰፊ እንኳ ሰው ይለካል! ግን ምን ላድርግ፣ መብላት አለብኝ።

የኦቦ ዲንሳ ሰዓት በዚያው ሰሞን ነው የመጣው፣ በአውቶቡስ ረዳት እጅ። ስትሮክ ግራ ወገናቸውን ከመታቸው ቆይቷል። ሚስታቸው የሉም፤ ያለችው ልጃቸው ጫልቱ ናት። ጫልቱ ለአስተማሪነት ካቺሲ ደርሷት ነበርና ስልክ ደወለችልኝ። «ሸሚዙን ያለ ቁልፍ አድርገንለታል፣ ጫማውንም ያለ ክር። ሁሉን ራሱ ይሠራል፤ ሰዓቱን ብቻ ነው የማስርለት። እሷን ከቻለ እሄዳለሁ፤ ካልቻለ ጥዬው አልሄድም» አለችኝ። መድኃኒታቸውን በሰዓት ነው የሚወስዱት፤ ስልክ ደግሞ ባንድ እጅ አልሆንላቸው ብሏል።

ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። መቆለፊያ የሌለው፣ እንደ ላስቲክ የሚሳብ የብረት ሰንሰለት አለ፤ በጣቶች በኩል ይገባና አንጓ ላይ ይሰበሰባል። መክፈት የለ፣ መዝጋት የለ። ክር ለክታ ላከችልኝ፤ በክሩ ልክ ቀነስኩና መልሼ ላክሁ። ኦቦ ዲንሳ ራሳቸው አጠለቁት። ጫልቱ በደስታ ደውላ መረቀችኝ፤ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀመረች።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ጠዋት ገመዴን በጥሳ ገባች። ሰዓቱን በጥጥ ጠቅልላዋለች፤ ጥጡ ላይ ደም አለ። መስታወቱ ላይ ጣለችው።

«አባቴን በላሽው!» አለች።

እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ነበር የምትለኝ። «አንቺ» አለችኝ፤ ደግ አደረገች።

«እጁ አይሰማውም! ከሰዓት በኋላ ያብጣል! ብረቱ ቆዳውን ሲበላው አላወቀም፤ ከሥር በኩል ስለሆነም አላየውም። እኔ ሸሚዙን ሳጥብ እጅጌው ላይ ነው ደሙን ያየሁት። አንድ ጊዜ ‹ይሰማዋል ወይ› ብለሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

ምንም አልነበረበትም። ክሩ የተለካው ጠዋት ነበር፤ እጁ ሳያብጥ። ክር ደግሞ አያብጥም፣ አይደማም፣ ሕመምም አያውቅም። «ካቺሲ ይቅር፤ አልሄድም» ብላኝ ወጣች።

ወደ ጋሽ ሸምሱ ሄድኩ። ያኔ ከቤት መውጣት ትተው ነበር፤ በመስኮት ነው ያነጋገርኳቸው። ኮሮናውን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ ክሩን፣ ረዳቱን ሁሉ አማረርኩ።

«እጃቸውን ያዝሽው?» አሉኝ።

«እንዴት አድርጌ ጋሽዬ፣ እሳቸው ባኮ፣ እኔ እዚህ!»

«ታዲያ የማንን ሰዓት ነው የሠራሽው?»

ተናደድኩ። በእሳቸውም ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው። በማግሥቱ አፍንጫና አፌን ሸፍኜ፣ ሳጥኔን ይዤ ባኮ ወረድኩ።

ጫልቱ በሩን ከፈተችልኝ እንጂ ቁጭ በይ አላለችኝም። እጄን በሳሙና ታጥቤ ከኦቦ ዲንሳ አጠገብ ተቀመጥኩና ግራ እጃቸውን ያዝኩ። ከጠዋት እስከ ማታ አልለቀቅሁም ማለት ይቻላል። ጠዋት ቀዝቃዛና ቀጭን ነበር፤ ከሰዓት በኋላ አንጓው ሞላ። መዳፉን ወደ ላይ ላዞረው ብል እምቢ አለኝ፤ አይዞርም። ጣቶቹ ተሰብስበው፣ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ሆኖ ጭናቸው ላይ ይተኛል። ዘለበቱን እንደ ሕጉ ከላይ ብገጥመው ሲታሰር ከውስጥ፣ ሆዳቸው ጋ ይገባል፤ አያዩትም፣ ቀኝ እጃቸውም አይደርስበትም። ሞከርነው። እሳቸው ላባቸው ጠብ እስኪል ታገሉ። ጫልቱ ፊቷን አዙራ ወጣች።

ዘለበቱ መሆን ያለበት እሳቸው በሚያዩት ቦታ፣ አውራ ጣቱ ጋ ነው። እዚያ እንዲወጣ ግን አጭሩ ወደ ታች፣ ስድስት ቁጥር ጋ፣ ረጅሙ ወደ ላይ፣ አሥራ ሁለት ቁጥር ጋ መሄድ አለበት። ግልብጥ! እኔ ሰው ስሰድብበት የኖርኩበት ግልብጥ! ወረንጦውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ምነው?» አሉኝ ኦቦ ዲንሳ።

«ተገልብጦ ካልሆነ አይሆንም።»

ሳቁ። «አዴ ሙሉ፣ አውቶቡስም እኮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ማርሹ ካለ ምን ቸገረሽ?»

ከለስላሳ የፍየል ቆዳ አዲስ ሰፋሁ። የዘለበቱን ቁራጭ በጣም አሳጠርኩት፤ ዘለበቱ አውራ ጣታቸው ሥር ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጅራቱ ከላይ ተነስቶ፣ በሥር ዞሮ ይወጣል፤ በቀኝ እጃቸው ወደ ላይ ይስቡታል። ሁለት ቀዳዳ ብቻ በወስፌ በስቼ አሰፋሁ። የጠዋቱን በነጭ ክር፣ የከሰዓቱን ላላ የሚለውን በቀይ ክር ከበብኩት፤ ለምሳ ሲቀመጡ ወደ ቀዩ እንዲያሻግሩት። ቁስሉ እስኪድን ሰዓቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሲድን ተመልሼ ሄድኩ።

ጫልቱ ከፊታቸው እጇን አጣምራ ቆመች። ኦቦ ዲንሳ ቀና ብለው አዩን። «ዙሩ። ሰው እያየኝ አልለብስም» አሉ። ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዞርን። ቆየ። ቆዳው ሲንሸራተት ይሰማል፤ አንዴ አመለጣቸው፣ በኦሮምኛ አጉረመረሙ፣ እንደገና ጀመሩ። ጫልቱ ልትዞር ስትል ክንዷን ያዝኳት። «በሉ ዙሩ» አሉ መጨረሻ ላይ። ታስሯል። ልጅቷ እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች። እኔንም «አዳዳ» ብላ፣ አክስቴ ማለቷ ነው፣ አንገቴን አቀፈችኝ፤ ኮሮናም አልከለከላት። ካቺሲ ሄደች፤ እስከ ዛሬ እዚያ ታስተምራለች።

እንግዲህ ያ ደግ ልጅ በነፃ ያስተካከለው ይህንን ነው። ገባችሁ አሁን ለምን እንደፈላሁ?

ኦቦ ዲንሳን አስከትዬ ወጣሁ። «አዴ ሙሉ፣ ቀስ በይ፣ ልጁን እንዳትጮኺበት» እያሉ በከዘራቸው ይከተሉኛል። ሱቁ የት ቢሆን ጥሩ ነው? የኔና የጋሽ ሸምሱ በረንዳ ላይ! ገና ሳጥኔን ሳነሳ ነው ስልክ ቤት ያደረጉት። ባለሱቁ ናኦል ይባላል፤ ሚስት ያለው፣ ልጅ ያለው ጎልማሳ ነው።

«ይህን ሰዓት የነካኸው አንተ ነህ?»

«አዎ ማዘር፣ ባትሪ ቀየርኩላቸው። ማሰሪያውም ተገልብጦ...»

«ማን አስተካክል አለህ? ጠየቅካቸው? እጃቸውን አየህ? ሰው እኮ ነው፣ መስኮት ላይ የቆመ አሻንጉሊት አይደለም! እኚህ ሰው ስንት ቀን እጃቸውን ባዶ አድርገው እንደዋሉ ታውቃለህ?» ሰው ተሰበሰበ። ኦቦ ዲንሳ «ዺሲ፣ ተይው» ይሉኛል። እኔ እቴ!

ናኦል ቆሞ ሰማኝ። አልተቆጣም። ግራ ነው የገባው።

«ማዘር፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ? ሱቅ እንደከፈትኩ መንገድ ላይ አቁመው ‹ዘለበት ከላይ፣ ጅራት ከታች! እንዴት ይህን አታውቅም!› ብለው ሰው መሐል ያዋረዱኝ? ከዚያ ወዲህ አንድም ገልብጬ አላውቅም። ተገልብጦ ያየሁትንም ሁሉ አስተካክላለሁ። በነፃ።»

እውነቱን ነው። ሕጉን ጮኼ ነግሬዋለሁ። ከሕጉ በፊት የሚመጣውን፣ ጋሽ ሸምሱ እኔን ዓመታት ሙሉ በዝምታ ያሳዩኝን፣ ለእሱ አንድም ቀን አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም። በየገበያው ስሳደብ ኖርኩ እንጂ ማንን አስቀምጬ አሳየሁ? በማን ላይ እንደምናደድ ጠፋኝ፤ ንዴቱ ግን አልጠፋም።

«ና ወዲህ። ቁጭ በል» አልኩት። ኦቦ ዲንሳን ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። «እጃቸውን ያዝ።»

«ሰዓቱን ልፍታው መጀመሪያ?»

«ሰዓቱን ተወው! እጃቸውን ያዝ አልኩህ!»

ያዘ። መጀመሪያ እንደ ዕቃ ነበር የያዘው፤ ቀስ ብሎ ግን ጣቶቹ ሰው መያዛቸው ገባቸው። መዳፉን ሊያዞር ሞከረ፤ ቆመ። ኦቦ ዲንሳን ቀና ብሎ አያቸው።

«አይዞርም» አለ በዝግታ።

«አይዞርም» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «ሲቆነጥጠኝም አላውቅም። እኔን አትጠይቅ፣ እሱን እየው።»

ናኦል ራሱ ወረንጦውን አንስቶ ዘንጎቹን አወጣ፤ እኔ ዓይኔ አያይም፣ አጠገቡ ሆኜ በአፌ መራሁት። አጭሩ ወደ ታች፣ ረጅሙ ወደ ላይ። ነጩ ክር የጠዋት፣ ቀዩ የከሰዓት። ሲጨርስ ሰዓቱን ሊያስርላቸው እጁን ዘረጋ።

«ተው» አሉት ኦቦ ዲንሳ። «ዙሩ።»

ናኦል አየኝ። ትከሻውን ይዤ አዞርኩት። እኔና እሱ ጎን ለጎን ቆመን፣ ጀርባችንን ሰጥተን፣ ፊታችንን ወደ መናኸሪያው አደረግን። ከኋላችን ቆዳው ሲንሸራተት ይሰማል። ናኦል አላስቻለውም፣ አንገቱን ሊመልስ ሲል በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

«አልጨረሱም!»

ቆምን። የካቺሲ አውቶቡስ ረዳት ተሳፋሪ እየጠራ አለፈ።

«በሉ ዙሩ» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «አሁን ጫልቱ ትምጣ።»